መቶ ዓመት መጠበቅ ለማይችል እንስሳ፦ የቱዋን ጎጆ ሣጥን አሠራርና አሰቃቀል፣ ደረጃ በደረጃ

እኛ ባሕር ዛፍን የምናውቀው በወጣትነቱ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለማገዶ፣ ለአጣናና ለማገር ይቆረጣል፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዳግም ይቆረጣል። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ግን ዛፉ ካረጀ በኋላ የሚሰጠው ትልቅ ጥቅም አለ። ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ይወድቃል፤ በቁስሉ በኩል ፈንገስና ምስጥ ገብተው የግንዱን እምብርት ይበሉታል፤ ቀስ በቀስ እንስሳ የሚያድርበት ጎሬ ይከፈታል። ይህ እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ100 ዓመት በላይ ያልፋል። በአውስትራሊያ 300 ያህል የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት ዝርያዎች በዛፍ ጎሬ ይጠቀማሉ፤ ያለ እሱ መራባት የማይችሉም አሉባቸው።

በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መካከል፣ በካስልሜይንና በቤንዲጎ ከተሞች ዙሪያ፣ የጃ ጃ ዉሩንግ ሕዝብ በሚኖርበት ምድር፣ ቦክስ አይረንባርክ የሚባል ደረቅ የባሕር ዛፍ ጫካ አለ። በ1851 ወርቅ ሲገኝ ያ ጫካ ለማዕድን ጉድጓድ ድጋፍ፣ ለእንፋሎት ሞተር ማገዶና ለባቡር ሐዲድ ተጋዳሚ እንጨት ተጨፈጨፈ። ከአምስት እጅ አራቱ በላይ ተመንጥሯል። የቀረውም በአብዛኛው እኛ እንደምናውቀው ዓይነት ነው፤ ከጉቶ የበቀለ፣ ቀጭን፣ ወጣት። ከሩቅ ሲያዩት ጫካው አረንጓዴ ነው። መኖሪያ ለሚፈልግ እንስሳ ግን ቤት የለውም።

ከነዚህ እንስሳት አንዱ ቱዋን ነው። ሌላው ስሙ ባለ ብሩሽ ጭራ ፋስኮጌል ይባላል። እንደ ካንጋሩ ከባለ ከረጢት አጥቢዎች ወገን ነው፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ሴቷ 150፣ ወንዱ 200 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ፀጉራቸው ግራጫ ነው፤ ጭራቸው እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ የተንጨባረረና ጥቁር ነው። የኋላ እግራቸውን ወደ ኋላ አዙረው ግንድ ላይ ቁልቁል በራሳቸው ይወርዳሉ። ሌሊት ሌሊት በሻካራ ቅርፊት ሥር ሸረሪት፣ በረሮ፣ ጥንዚዛና መቶ እግር እያደኑ ይበላሉ፤ አበባ ሲገኝ ወለላውን ይልሳሉ።

የቱዋን ኑሮ በአንድ ዓመት ላይ የተንጠለጠለ ነው። የርቢው ወቅት በቪክቶሪያ ቅዝቃዜ ሲገባ፣ ከሜይ እስከ ጁላይ ነው (ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ወቅት የወንዶቹ የጭንቀት ሆርሞን ያለ ልክ ይጨምራል፤ ሰውነታቸው በሽታ የመከላከል አቅሙን ያጣል፤ ዓመት ሳይሞላቸው ሁሉም ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ በጫካው የሚቀሩት ያረገዙ ሴቶች ብቻ ናቸው። ሴቷ እንደ ካንጋሩ ሙሉ ከረጢት የላትም፤ በሆዷ ላይ በሚፈጠር የቆዳ እጥፋት ውስጥ እስከ ስምንት ግልገሎችን ለሰባት ሳምንት ያህል ትሸከማለች። ከዚያ ጎሬ ውስጥ ትታቸው ወደ አደን ትወጣለች። ደህና ጎሬ ያላገኘች እናት ግልገሎቿን ካጣች በሚቀጥለው ዓመት የሚተኩ ወንዶች የሉም። አንድ ክፉ ዓመት አንድን አካባቢ ባዶ ሊያደርግ የሚችለው ለዚህ ነው።

ዛፉን ማስረጀት አንችልም። መቶ ዓመቱ እስኪሞላ የሚያገለግል ሣጥን ግን መሥራት እንችላለን። በቪክቶሪያ ገጠር መሬት ያለው፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ ከፈቃደኞች ጋር መሥራት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ደረጃዎች ቢከተል ሥራው ይቃናለታል።

ደረጃ 1፦ ቦታው የቱዋን አገር መሆኑን ያረጋግጡ

በፉትስክሬይ ወይም በሌላ የሜልበርን ሰፈር ግቢ ውስጥ ቱዋን አይመጣም። ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከዋራንዳይትና ከሴንት አንድሩስ ጀምሮ ግን ሊገኝ ይችላል፤ ዋናው አገሩ መካከለኛው ቪክቶሪያ ነው። መሬቱ ላይ ሻካራ ቅርፊት ያላቸው የባሕር ዛፍ ዓይነቶች፣ የወዳደቀ ግንድና ከሌላ ጫካ ጋር የሚያገናኝ የዛፍ ሰንሰለት መኖሩን ይመልከቱ። አንዲት ሴት ቱዋን 40 ሄክታር ገደማ ለብቻዋ ትይዛለች፤ የወንዱ ክልል ከዚያም ይሰፋል። ስለዚህ በተራቆተ ማሳ መካከል ብቻውን በቆመ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ትርፉ ድካም ነው።

አካባቢዎ የሌላ እንስሳ ከሆነም አሠራሩ ብዙ አይለይም። የሚለየው በዋናነት የመግቢያው ስፋት ነው፤ ሣጥኑም ከእንስሳው ጋር ያድጋል።

• ላባ ጭራ ግላይደር (ከ15 ግራም በታች የሆነ ተንሸራታች)፦ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ
• ቱዋን፦ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር
• ስኳር ግላይደር፦ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር
• ቀለበት ጭራ ፖሰም (ዛፍ ላይ የሚኖር ባለ ከረጢት አጥቢ)፦ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ

ደረጃ 2፦ ፈቃድ ይጠይቁ

መሬቱ የራስዎ ከሆነ ችግር የለም። የመንግሥት ጫካ፣ ብሔራዊ ፓርክ ወይም የማዘጋጃ ቤት መናፈሻ ከሆነ ግን ያለ ፈቃድ ምንም አይስቀሉ። በ1975 የወጣው የቪክቶሪያ የዱር እንስሳት ሕግ አገር በቀል እንስሳትን ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ማጥመድም ማሳደግም ክልክል ነው። ሣጥን ስንሰቅል ቤቱን እንሰጣለን፤ እንስሳውን አንነካም።

መሬት ለሌለው ሰው ጥሩው በር ላንድኬር ነው። ይህ የገበሬዎችና የፈቃደኞች ንቅናቄ በ1986 በቪክቶሪያ ተጀምሮ በመላ አውስትራሊያ ተስፋፍቷል። በካስልሜይን ደግሞ ኮኔክቲንግ ካንትሪ የሚባል የአካባቢው ማኅበር ለቱዋን የጎጆ ሣጥኖችን ሰቅሎ ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። እንዲህ ካሉ ቡድኖች ጋር የተሰቀለ ሣጥን የሚከታተለው ሰው አያጣም።

ደረጃ 3፦ አስቀድሞ ያለውን ይጠብቁ

መጋዝ ከማንሳትዎ በፊት መሬቱን ይዙሩት። ያረጁ ዛፎችን፣ ጎሬ ያላቸውን፣ ደርቀው የቆሙትንም ጭምር ይመዝግቡ። ደረቅ ዛፍ ለማገዶ ያጓጓል፤ ነገር ግን አንድ ደርቆ የቆመ ባሕር ዛፍ በርካታ ጎሬዎች ሊኖሩት ይችላል። መንገድ ወይም ቤት ላይ የሚወድቅ ካልሆነ አይቁረጡት።

የወደቀውንም እንጨት አያጽዱ። የቱዋን ምግብ የሚራባው በበሰበሰ ግንድ፣ በረገፈ ቅርፊትና ቅጠል ውስጥ ነው። ግቢው ንጹሕ እንዲሆን ብለን የጠረግነው ሁሉ ከእንስሳው አፍ የወሰድነው ነው። ሣጥን ማደሪያ ይሆናል እንጂ ራት አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ዕቃ ያዘጋጁና ሳንቃውን ይቁረጡ

ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መድኃኒት ያልተነከረ ጠንካራ ሳንቃ ወይም ለውጭ ሥራ የተሠራ ኮምፔርሳቶ ያስፈልጋል። ምስጥ እንዳይበላው በአርሴኒክና በመዳብ የተነከረውን እንጨት በጭራሽ አይጠቀሙ፤ እንስሳው ግድግዳውን ይቦጫጭራል፣ ያኝካልም። ቀጭን ሳንቃም አይሆንም። ሣጥን ከዛፍ ጎሬ ይልቅ በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይበርዳል፤ ይህን ጉድለት በመጠኑ የሚያካክሰው የሳንቃው ውፍረት ነው።

ልኮቹ እነዚህ ናቸው፦

• ወለል፦ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር
• ሁለት ጎኖች፦ ወርዳቸው 20፣ በኋላ በኩል ቁመታቸው 40፣ በፊት በኩል 36 ሴንቲ ሜትር (ዝናቡ እንዲወርድ ዘቅዝቀው ይቁረጧቸው)
• ፊት፦ 24 በ36 ሴንቲ ሜትር
• ጀርባ፦ 24 በ40 ሴንቲ ሜትር
• ክዳን፦ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር
• ሁለት ድጋፍ እንጨቶች፦ ውፍረታቸው 5፣ ርዝመታቸው 40 ሴንቲ ሜትር

ከዚህ ሌላ የማይዝግ ቪትና ማጠፊያ፣ ውሃ የማይፈታው ኮላ፣ መቆለፊያ መንጠቆ፣ መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ ካቻቢቴ፣ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ይያዙ።

ደረጃ 5፦ መግቢያውን ይብሱና ይግጠሙ

መግቢያው የሚበሳው በጀርባው ሳንቃ ላይ ነው፤ ይህም ዛፉን ፊት ለፊት የሚያየው ገጽ ነው። ቱዋን በግንዱ ላይ እየሮጠ በጠባቡ ክፍተት ይገባል። ወፎች ግን ወደዚያ በርረው መግባት ይቸግራቸዋል፤ ጉጉትም እግሩን ዘርግቶ አይይዝበትም። ከላይኛው ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው፣ መካከሉ ላይ፣ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ ያውጡ። «ትንሽ ሰፋ ቢል ይመቸዋል» ብለው አያስፉት። ጠባቡ መግቢያ የቱዋን መከላከያ ነው፤ ትልቁ ፖሰምም ሆነ ሣጥን ቀማኛው የማይና ወፍ የማይገቡት በእሱ ምክንያት ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ።

ከቀዳዳው ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ እስከ ወለሉ ድረስ በመጋዝ ጫፍ አግድም አግድም እየሰነጠቁ ሻካራ ያድርጉት። ግልገሎች በለሰለሰ ሳንቃ ላይ መውጣት አይችሉም፤ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። በወለሉ አራት ማዕዘን ላይ 6 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎችን ይብሱ።

ሁለቱን ጎኖች ከወለሉ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ጀርባውን ደግሞ በላያቸው ደርበው በኮላና በቪት ያያይዙ። ሚስማር ብቻውን አይበቃም፤ ሳንቃው በፀሐይና በዝናብ ሲለጠጥና ሲኮማተር ይላቀቃል። ክዳኑ ክፍተት እንዳይተው የፊትና የጀርባውን ጫፍ በሞረድ ያስተካክሉ። ክዳኑን ከኋላ በማጠፊያ ያሥሩት፤ በፊትና በጎኖቹ በኩል ወጣ ብሎ ጥላና መጠለያ ይሁን። ፖሰም እንዳያነሳው በመንጠቆ ይቆልፉት። ሁለቱን ድጋፍ እንጨቶች ከጀርባው በግራና በቀኝ ቁመታቸውን ይዘው ያስሩ፤ ሣጥኑን ከግንዱ 5 ሴንቲ ሜትር አርቀው መተላለፊያውን የሚፈጥሩት እነሱ ናቸው።

በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ አሮጌ የምንጣፍ ቁራጭ ይለጥፉ። ከአውሮፓ የመጣው ማር ንብ ቀፎውን የሚያንጠለጥለው ክዳኑ ላይ ነው፤ ምንጣፉ ሰሙን ለመለጠፍ ያስቸግረዋል። የተያዘ ሣጥን ለእንስሳው የተዘጋ ሣጥን ነውና ይህን ደረጃ አይዝለሉት።

ውጩን ብቻ በፈዛዛ ቀለም፣ በውሃ በሚሟሟ ቀለም ይቀቡና ሽታው እስኪጠፋ ያስቀምጡት። ውስጡ አይቀባም። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ደረቅ፣ መድኃኒት ያልነካው ሰጋቱራ ይነስንሱ። ቀሪውን እንስሳው ራሱ ያሟላል፤ ቅርፊት እየሰነጠቀና ላባ እየለቀመ ጎጆውን ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ዛፉንና አቅጣጫውን ይምረጡ

በሕይወት ያለ፣ ጤናማ፣ ሣጥኑን የሚሸከም ወፍራም ግንድ ያለውና ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ ዛፍ ይምረጡ። በዙሪያው የቅርብ ዛፎች ቢኖሩ ይመረጣል፤ እንስሳው መሬት ሳይረግጥ መምጣት ይችላል።

አቅጣጫው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በደቡባዊው የምድር ክፍል የቀትር ፀሐይ የምትመታው ከሰሜን ነው፤ የከሰዓቱ ሐሩር ደግሞ ከምዕራብ ይመጣል። በቪክቶሪያ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ በዚያ ቀን ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ውስጡ ያለውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑን በግንዱ ደቡባዊ ወይም ደቡብ ምሥራቃዊ ገጽ ላይ፣ ቅጠል ጥላ በሚጥልበት በኩል ይስቀሉት። ከፍታው ከ3 እስከ 5 ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለመከታተል ያስቸግራል።

ከአንድ ሣጥን ይልቅ ተራርቀው የተሰቀሉ ሁለት ሦስት ሣጥኖች ይሻላሉ። ቱዋን በአንድ ጎሬ አይኖርም፤ ሴቷ በዓመት ከሃያ የሚበልጥ ማደሪያ ልትቀያይር ትችላለች። አንድ ቀን ባዶ የሆነ ሣጥን በሚቀጥለው ሳምንት ግልገል ሊኖረው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ይስቀሉት

ብቻዎን አይሥሩ። ሣጥኑ ከአምስት ኪሎ ይበልጣል፤ አንድ ሰው መሰላሉን ይያዝ፣ ሌላው ይውጣ። ነፋስ ባለበት ቀን ሥራውን ለሌላ ጊዜ ያስተላልፉት።

ዛፉን በሚስማር አይቸንክሩት። የማይዝግ ሽቦ በውሃ ጎማ ውስጥ አሳልፈው በድጋፍ እንጨቶቹ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ያስገቡና ግንዱን ዞረው ያስሩት። ሽቦውን ሙሉ በሙሉ አይወጥሩት፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እጥፍጥፍ አድርገው ይተዉለት። ግንዱ ሲወፍር እጥፋቱ ይዘረጋል፤ ዛፉም አይታነቅም። ሣጥኑን በእጅዎ ነቅንቀው ይፈትሹት፤ የሚወዛወዝ ሣጥን እንስሳ አይገባበትም።

ጊዜው ከሜይ በፊት ቢሆን መልካም ነው። ሴቶቹ ለመውለድ ጎሬ ከመፈለጋቸው በፊት ሣጥኑ ዝናብና ነፋስ ነክቶት፣ የጫካውን ሽታ ይዞ ይቆያል።

ደረጃ 8፦ በልክ ይከታተሉ

በመጀመሪያው ዓመት ምንም ካልገባ ተስፋ አይቁረጡ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ በአፕሪል ገደማ ማየት በቂ ነው። ከጁን እስከ ዲሴምበር ሣጥኑን አይክፈቱ፤ እናቲቱ እርጉዝ ናት፣ ወይም ግልገል ጥላ ሄዳለች። ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ትንሽ ካሜራ በመግቢያው በኩል ማሳየት ከቻለ ከመሰላል የተሻለ ነው። እንስሳ ካዩ ዝም ብለው ይዝጉና ይውረዱ። አያንሡት፣ በብርሃን አያስጨንቁት።

ማን እንደገባ ምልክቱ ይነግርዎታል፦

• የተሰነጣጠቀ ቅርፊት፣ ላባና ፀጉር የተደባለቀበት ጎጆ፣ በላዩ ላይ ኩስና ጠንካራ ሽታ፦ ቱዋን
• በባሕር ዛፍ ቅጠል የተሠራ ክብ ጎድጓዳ፦ ስኳር ግላይደር፤ በ2020 በተደረገው የዝርያ ክለሳ የቪክቶሪያው ክሬፍት ግላይደር ተብሏል፣ ሰዉ ግን አሁንም በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል
• ንብ ወይም ተርብ፦ እጅዎን አያስገቡ፤ ባለሙያ ይጥሩ

ያዩትን ቀኑን፣ ቦታውንና ፎቶውን ይዘው በቪክቶሪያ የብዝኃ ሕይወት አትላስ ወይም በአይናቹራሊስት ድረ ገጽ ላይ ያስመዝግቡ። የቱዋን ቁጥር እየቀነሰ ስለሆነ በቪክቶሪያ ለአደጋ ከተጋለጡ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ የት እንዳለ ሳይታወቅ ደግሞ ጫካው ሲቆረጥ የሚከራከርለት አይኖርም። የቆሰለ እንስሳ ካገኙ ዋይልድላይፍ ቪክቶሪያ ወደሚባለው የዱር እንስሳት ረድኤት ድርጅት ይደውሉ።

ደረጃ 9፦ በዙሪያው ያለውን አደጋ ይቀንሱ

ድመት ካለዎት፣ ሌሊት ከቤት አይውጣ። ቱዋን ለአደን ወደ መሬት ይወርዳል፤ አውሮፓውያን ወደ አገሩ ያመጧቸው ድመትና ቀበሮ ደግሞ ብዙ ትናንሽ አጥቢዎችን አጥፍተዋል። አውስትራሊያ ከ1788 ወዲህ ከ30 በላይ የአጥቢ ዝርያዎችን አጥታለች። ይህ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው ኪሳራ ነው፤ ከጠፉት ብዙዎቹም ትናንሾቹ ናቸው።

የአይጥ መርዝ አይበትኑ። ብሮዲፋኩም ያለባቸው መርዞች በአይጧ ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ፤ እሷን የበላውን ጉጉትና ሌላ አዳኝም ይገድላሉ። ከአጥርዎ የላይኛውን እሾሃማ ሽቦ በልሙጥ ሽቦ ይተኩ፤ ሌሊት የሚንሸራተቱ ግላይደሮች ቆዳቸው ተይዞ ይሞቱበታል።

ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ ይህን ይወቁ፦ ቱዋን ዶሮ ይገድላል። ጥፋቱ ግን የቤቱ ነው። በጠባብ ክፍተት የሚሾልክ እንስሳ ስለሆነ የዶሮ ቤቱን 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ፤ በምሽትም ይዝጉ። ዶሮውም ቱዋኑም ይተርፋሉ።

ደረጃ 10፦ የመቶ ዓመቱን ሥራ አሁን ይጀምሩ

በደንብ የተሠራ ሣጥን 15 ዓመት ቢቆይ፣ ዛሬ የሚተከል ችግኝ ጎሬ እስኪያበጅ ድረስ ሰባት ጊዜ ያህል መቀየር አለበት ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በዕድሜው አይጨርሰውም። ስለዚህ ሣጥን የሰቀለ ሰው ሁለት ነገር ይጨምር።

አንደኛ፣ ተከታይ ያዘጋጁ። የሣጥኖቹን ካርታ፣ የተሰቀሉበትን ዓመትና የተጠገኑበትን ቀን በደብተር ይጻፉ። ልጆችዎን ወይም የላንድኬሩን ወጣቶች ይዘው ይዙሩ። የሚያውቀው ሰው የሌለ ሣጥን ክዳኑ በስብሶ የውሃ ጉድጓድ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ዛፎቹን ከመጋዝ ያድኑ። በአካባቢው የሚበቅሉትን የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ይትከሉ። ከአንድ ጉቶ ከወጡት በርካታ ግንዶች ጠንካራውን መርጠው ያሳድጉ፤ የሚቆረጡትን እዚያው መሬት ላይ ይተዉ። መሬቱ የራስዎ ከሆነ ደግሞ ትረስት ፎር ኔቸር ከሚባለው የቪክቶሪያ ተቋም ጋር የጥበቃ ውል መፈራረም ይቻላል። ውሉ በመሬቱ ይዞታ ሰነድ ላይ ይመዘገባል፤ መሬቱ ቢሸጥም ቢወረስም አዲሱን ባለቤት ያስገድዳል። ለሚያረጅ ዛፍ የሚሰጠው ትልቁ ጥበቃ ይህ ነው፤ ሣጥኑ ለቱዋን ዛሬን ያሳድራል፣ ውሉ ደግሞ ሣጥን የማያስፈልግበትን ጫካ ያስገኛል።